አሮጌ ዴስክቶፕና ሁለት ሃርድ ዲስክ ካላችሁ፦ ዜድኤፍኤስን ቤት ውስጥ ለመትከል

ከዓመታት በፊት የተነሣ የሠርግ ፎቶ ስትከፍቱ ግማሹ ግራጫ ሆኖ አጋጥሟችሁ ይሆናል። ቫይረስ አልነካውም፣ ማንም አልከፈተውም፣ ዲስኩም አልተንቋቋም። ፋይሉ ግን ተበላሽቷል። የባሰው ደግሞ ባክአፕ ስታደርጉ የከረማችሁት የተበላሸውን መሆኑ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደህናውን ከተበላሸው አይለይምና።

ፋይሎች ዲስክ ላይ እንዴት እንደሚጻፉና እንደሚነበቡ የሚወስነው ሶፍትዌር ፋይል ሲስተም ይባላል። በዊንዶውስ የለመድነው ኤንቲኤፍኤስም ሆነ በሊኑክስ የተለመደው ኤክስት4 ዲስኩ ያቀበላቸውን ይዘት እንዳለ ነው የሚቀበሉት። ትናንት የተጻፈውና ዛሬ የተነበበው አንድ ስለመሆኑ አይጠይቁም። አፕል በ2017 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያወጣው ኤፒኤፍኤስ እንኳ ይህን ምርመራ የሚያደርገው ለራሱ የውስጥ መዝገብ እንጂ ለእናንተ ፎቶ አይደለም። ዜድኤፍኤስ የተባለው ፋይል ሲስተም ግን እያንዳንዱን ንባብ ይመረምራል። ይህ መመሪያ እሱን በአንድ አሮጌ ዴስክቶፕ፣ በሁለት ሃርድ ዲስክና ትሩናስ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ቤት ውስጥ ለመትከል ነው። ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ መጻፍ የለም፤ ከመጫኑ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በብሮውዘር ይሠራል።

ከመጀመራችን በፊት፣ ነገሩ እንዴት ነው የሚሠራው?

ዜድኤፍኤስን በ2001 የጀመሩት በሰን ማይክሮሲስተምስ ይሠሩ የነበሩት ጄፍ ቦንዊክና ማቲው አረንስ ናቸው። ኮዱ በ2005 ሶላሪስ በተባለው የሰን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ገባ። በ2010 ኦራክል ሰንን ገዝቶ ክፍት የነበረውን ልማት ሲዘጋው፣ ውጭ የቀሩት ገንቢዎች ሥራውን ቀጥለው በ2013 ኦፕንዜድኤፍኤስ በሚል ስም ተሰባሰቡ። እኛ የምንጭነው የእነሱን ነው።

ሁለት ነገር ብቻ ከገባችሁ ይበቃል። አንደኛው፣ ፋይል ሲጻፍ ከይዘቱ የተሰላ ቼክሰም የሚባል ቁጥር አብሮ ይመዘገባል። ቁጥሩ የሚቀመጠው ከይዘቱ ጎን ሳይሆን ወደ ይዘቱ በሚጠቁመው በላይኛው መዝገብ ላይ ስለሆነ፣ ዲስኩ የተሳሳተ ቦታ ላይ ቢጽፍ ወይም ሳይጽፍ «ጽፌያለሁ» ቢል እንኳ ይጋለጣል። ፋይሉ በተነበበ ቁጥር ስሌቱ ይደገማል፤ ካልገጠመ ዜድኤፍኤስ ከሁለተኛው ዲስክ ደህናውን አምጥቶ ይሰጣችኋል፣ የተበላሸውንም እዚያው ያርመዋል። ሁለተኛው፣ በነባር ይዘት ላይ ደርቦ አይጽፍም። አዲሱን ሌላ ቦታ ጽፎ ሲጨርስ ነው አድራሻውን የሚያዞረው። ለዚህ ነው በጽሑፍ መሃል መብራት ቢጠፋ ፋይል ሲስተሙ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ የማይገኘው። የምታጡት ቢበዛ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ነው፤ በተለመደው አሠራር በየ5 ሰከንዱ ጠቅልሎ ስለሚጽፍ።

ብዙ ሰው «ይህ ለትልልቅ መሥሪያ ቤት ነው፣ ለእኔ ይበዛል» ይላል። እኔ እንደማየው ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መሥሪያ ቤት በየቀኑ ባክአፕ የሚከታተል ባለሙያ ይቀጥራል፤ ቤት ግን የሚከታተል የለም፣ ስለዚህ ራሱን የሚከታተል ፋይል ሲስተም ይበልጥ የሚያስፈልገው ለቤት ነው።

ያላችሁ አንድ ላፕቶፕ ብቻ ከሆነ ግን ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ተዉትና ፌዶራ የተባለውን ሊኑክስ ጫኑ። ከ2020 ጀምሮ የዴስክቶፕ ስሪቱ ቢቲአርኤፍኤስ በተባለ ፋይል ሲስተም ይመጣል፤ እሱም ይዘትን በቼክሰም ይመረምራል። በአንድ ዲስክ ላይ ብልሽትን ይነግራችኋል እንጂ ፋይሉን አያድንም፤ ሳያውቁ ከመቅረት ግን ማወቁ ይሻላል።

1. ዕቃውን መምረጥ

ዴስክቶፑ ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ይሁን እንጂ አዲስ መሆን የለበትም። ራሙ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ይሁን፣ 16 ከተገኘ እሰየው። ስህተት የሚያርመው ኢሲሲ ራም ጥሩ ነው፣ ግዴታ ግን አይደለም። ይልቅ ያለውን ራም ሜምቴስት86 በተባለው ፕሮግራም ሌሊቱን አሳድራችሁ ፈትኑት፤ አንድ ቀይ መስመር ካያችሁ ራሙን ቀይሩ። ቼክሰም ከመሰላቱ በፊት ራም ውስጥ የተበላሸን ነገር ዜድኤፍኤስም ደህና ነው ብሎ ነው የሚመዘግበው።

ለትሩናስ ብቻ የሚሆን አንድ ትንሽ ኤስኤስዲ ያስፈልጋል። 120 ጊጋባይት ያገለገለ ቢሆን ይበቃል። ትሩናስ ያንን ዲስክ ጠቅላላ ስለሚይዘው ፋይል አታስቀምጡበትም።

ዋናው ወጪ ሁለቱ ሃርድ ዲስኮች ናቸው። መጠናቸው እኩል ይሁን፤ ከቻላችሁ ከተለያየ ሱቅ ወይም በተለያየ ጊዜ የተመረቱትን ግዙ፣ አብረው የተሠሩ ዲስኮች አብረው የመሞት ልማድ አላቸው። ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች በሚረር (አንዱ የሌላው ሙሉ ቅጂ ሆኖ) ሲጣመሩ የምታገኙት የአንዱን ያህል ነው፤ ስክሪኑም 3.6 አካባቢ ያሳያል። ማንም አልሰረቃችሁም፤ አምራቹ በ1000፣ ኮምፒውተሩ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው።

ስትገዙ ዲስኩ ሲኤምአር (ትራኮቹን ሳይደራርብ የሚጽፍ) መሆኑን ከአምራቹ ዝርዝር ላይ አረጋግጡ። ኤስኤምአር የተባሉት ትራኮቻቸውን አደራርበው ስለሚጽፉ ደግሞ መጻፍ ላይ እጅግ ይዘገያሉ፤ የሞተ ዲስክ ተቀይሮ ሲሞላ ሥራው ቀናት ሊወስድ ወይም መሃል ላይ ሊቋረጥ ይችላል። በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለቤት ማስቀመጫ በሚሸጣቸው ሬድ ዲስኮች ውስጥ የተወሰኑት ኤስኤምአር መሆናቸውን ሲያምን ትልቅ ጭቅጭቅ የተነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

ያገለገለ ዲስክ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ የዲስክን ጤና የሚያሳየውን ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለ ፕሮግራም ክፈቱ። ሦስት መስመር ተመልከቱ። «ሪአሎኬትድ ሴክተርስ» እና «ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር» ዜሮ ካልሆኑ ዲስኩን መልሱለት፣ ዋጋ ልቀንስ ቢልም። ሦስተኛው «ፓወር ኦን አወርስ» ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ የሠራ ዲስክ 8760 ሰዓት ይቆጥራል፤ 35,000 ካያችሁ ከደህንነት ካሜራ መቅረጫ የወጣና አራት ዓመት ቀን ከሌት የዞረ ሊሆን ይችላል።

ዲስኮቹን በቀጥታ ከማዘርቦርዱ የሳታ መሰኪያ ጋር አገናኙ። በዩኤስቢ የሚሰካ ዲስክ ለዋናው ማስቀመጫ አይሆንም፤ ግንኙነቱ በየመሃሉ ይቋረጣል። ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ የሚያሳይ ሬይድ ካርድ ካለም አውጡት፤ ዜድኤፍኤስ ዲስኮቹን ራሱ ማየት ይፈልጋል። ከመግጠማችሁ በፊት የእያንዳንዱን ዲስክ ሴሪያል ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ በጠርዙ በሚታየው በኩል ለጥፉ። አንድ ቀን አንዱ ሲሞት ትሩናስ የሚጠራው በሴሪያሉ ነው፤ ያን ጊዜ ደህናውን ነቅሎ ማውጣት አይፈለግም።

መብራት በየጊዜው በሚቋረጥበት ሰፈር ዩፒኤስ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ፋይል ሲስተሙ መቋረጡን ይችለዋል፤ ፓወር ሰፕላዩና ዲስኩ ግን መብራት ሲመለስ የሚመጣውን ጉልበት አይችሉትም።

2. ትሩናስን መጫን

የመጫኛውን ፋይል ከትሩናስ ድረ ገጽ አውርዱ፤ ነጻው የማኅበረሰብ ስሪት ነው የሚያስፈልጋችሁ። ሩፉስ ወይም ባሌና ኤቸር በተባለው ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጻፉት፣ ዴስክቶፑንም ከፍላሹ አስነሡ። «ኢንስቶል» የሚለውን ስትመርጡ የዲስኮች ዝርዝር ይመጣል። ትንሹን ኤስኤስዲ ብቻ ምረጡ፤ መርጣችሁ ከማለፋችሁ በፊት መጠኑን ደግማችሁ እዩ፣ የተመረጠው ዲስክ ይጠረጋልና። የይለፍ ቃል አስገቡ፣ ሲጨርስ ፍላሹን ነቅላችሁ እንደገና አስነሡ።

ማሽኑ ተነሥቶ ስክሪኑ ላይ አንድ አይፒ አድራሻ ያሳያል። ከዚህ በኋላ ስክሪንና ኪቦርዱን መንቀል ትችላላችሁ። ማሽኑ ከራውተሩ ጋር በኬብል ይገናኝ፤ ዋይፋይ እዚህ ቦታ የለውም። በራውተሩ ላይ ያ አድራሻ እንዳይቀያየር አስይዙት።

3. ፑሉን መፍጠር

ከሌላ ኮምፒውተር ብሮውዘር ላይ አድራሻውን ጽፋችሁ ግቡ። «ስቶሬጅ» ውስጥ «ክሪኤት ፑል» የሚለውን ተጫኑ። ፑል ማለት ዲስኮቹ ተጣምረው የሚፈጥሩት አንድ ማስቀመጫ ነው፤ አጭር ስም ስጡት። ምስጠራ የሚለውን ሳጥን ካልተቸገራችሁ አትንኩት፤ ቁልፉ ከጠፋ ፋይሉን የሚከፍት ሰው የለም።

«ዳታ» በሚለው ደረጃ «ሌይአውት» ላይ «ሚረር» ምረጡ፣ ስፋቱ 2፣ ብዛቱ 1 ይሁን። ቀጥለው የሚመጡትን ሎግ፣ ስፔር፣ ካሽ፣ ሜታዳታና ዲዱፕ የሚሉ ገጾች ሁሉንም ዝለሏቸው። ማጠቃለያውን አንብባችሁ ፍጠሩ። በዲስኮቹ ላይ የነበረ ነገር ሁሉ ይጠፋል።

የዘለልናቸው ገጾች አዲስ ገቢውን በጣም ስለሚያጓጉ አንድ ነገር ልበል። ዲዱፕ ተመሳሳይ ይዘትን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲቀመጥ ያደርጋል፣ ለዚያ የሚይዘው ሠንጠረዥ ግን ራሙን ይበላል፤ የቤት ፎቶና ቪዲዮ ደግሞ እርስ በርሱ ብዙ አይመሳሰልም። የካሽ ኤስኤስዲ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ለሚያገለግል ማሽን ነው። ሎጉ ዳታቤዝ ለሚያስተናግዱ ነው። እነዚህን ለመሞከር የሚወጣው ብር ሦስተኛ ዲስክ ይገዛል፤ የሦስተኛው ዲስክ ጥቅም ከታች ይመጣል።

አንድ አደጋ ግን ከአሁኑ ይታወቅ። ወደፊት ቦታ ሲጠባችሁ አንድ ነጠላ ዲስክ ወደ ፑሉ «እጨምራለሁ» አትበሉ። ያ ነጠላ ዲስክ ከሚረሩ ጎን ለብቻው ይቆማል፣ እሱ የሞተ ዕለት መላው ፑል ይሄዳል። የሚጨመረው ጥንድ ሆኖ ነው፤ ወይም ነባሮቹን በትልልቅ መቀየር ነው።

4. ዳታሴትና ሼር

ፑሉ ላይ በቀጥታ ፋይል አትከምሩ። «ዳታሴትስ» ውስጥ ገብታችሁ ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ዳታሴት ፍጠሩ፦ ፎቶ፣ ሰነድ፣ ፊልም። ዳታሴት ከውጭ ሲታይ ፎልደር ይመስላል፣ ግን የራሱ ደንብ ሊኖረው ይችላል። ፎቶና ሰነድን በየቀኑ እንጠብቃለን፤ ከኢንተርኔት ተመልሶ ለሚወርድ ፊልም ግን ያን ያህል አንደክምም። ሲፈጠር «ዳታሴት ፕሪሴት» ላይ «ኤስኤምቢ» (ዊንዶውስ ፋይል የሚጋራበት መንገድ) ምረጡ። ኤልዜድ4 የተባለው መጭመቂያ እንደበራ ይቆይ፤ ፕሮሰሰሩን አያስቸግርም።

«ክሬደንሻልስ» ውስጥ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ተጠቃሚ ክፈቱ፣ «ሼርስ» ውስጥ ዳታሴቶቹን በዊንዶውስ ሼር አጋሩ። አገልግሎቱን ላስጀምር ወይ ብሎ ሲጠይቅ እሺ በሉት። ከዚያ በዊንዶውስ ፋይል መክፈቻ የአድራሻ መስመር ላይ ሁለት ባክስላሽና አይፒ አድራሻውን ስትጽፉ ፎልደሮቹ ይመጣሉ። የምር ፋይሎቻችሁን የምትገለብጡት ከታች ያለውን ደረጃ 7 ከጨረሳችሁ በኋላ ነው፤ በጊጋቢት ኬብል 1 ቴራባይት ለመገልበጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ በዋይፋይ ግን ሌሊቱን ማሳደር ሊያስፈልግ ይችላል። የምትገለብጡት ነገር ቀድሞ ተበላሽቶ ከሆነ እንደተበላሸ ነው የሚጠበቀው፤ ስለዚህ ብዙ ቅጂ ካላችሁ ፎቶዎቹን ከፍታችሁ ደህናውን ለዩ።

ማሽኑ መሥራት ሲጀምር ራሙ ሞልቶ ብታዩ አትደንግጡ። ዜድኤፍኤስ በቅርብ የተነበበውን ራም ውስጥ ያቆየዋል፣ ሌላ ፕሮግራም ሲፈልገው ይለቃል።

5. ስናፕሾት

ስናፕሾት ማለት ዳታሴቱ በዚያች ደቂቃ የነበረበትን ሁኔታ ማቆየት ነው። ደርቦ ስለማይጽፍ ለመያዝ ከሰከንድ በታች ይበቃዋል፣ ሲጀመርም ቦታ አይወስድም። «ዳታ ፕሮቴክሽን» ውስጥ «ፔሪዮዲክ ስናፕሾት ታስክስ» ላይ ለፎቶና ለሰነድ ሁለት ሁለት መርሐ ግብር አውጡ፦ አንዱ በየቀኑ ተይዞ ሁለት ሳምንት የሚቆይ፣ ሌላው በየሳምንቱ ተይዞ ስድስት ወር የሚቆይ።

ስናፕሾት ሊነበብ እንጂ ሊጻፍበት አይችልም። የልጆቹ ላፕቶፕ ላይ ከፍላሽ የገባ ቫይረስ ሼር የተደረገውን ፎልደር ሁሉ ቢቆልፍ እንኳ የትናንቱ ስናፕሾት አይነካም፤ ማሽኑን የምታስተዳድሩበትን የይለፍ ቃል ያ ላፕቶፕ ላይ እስካላስቀመጣችሁ ድረስ።

ሰዎችን ግራ የሚያጋባው ግን ይሄ ነው፦ ቦታ ለማስለቀቅ 200 ጊጋባይት ቪዲዮ ትደመስሳላችሁ፣ የቀረው ቦታ ግን ንቅንቅ አይልም። የተደመሰሰው በስናፕሾቱ ተይዟል፤ ስናፕሾቱ ዕድሜው ሲያልቅ ነው የሚለቀቀው። ፑሉን ከ80 በመቶ በላይ አትሙሉት፤ ከዚያ በኋላ ባዶ ቦታ መፈለግ እየከበደው ይዘገያል።

6. ስክረብ

ጎተራ ውስጥ ያለ እህል አልፎ አልፎ ካልተገላበጠ ነቀዝ መግባቱ የሚታወቀው ሲበላ ነው። ለዓመታት ያልተከፈተ ፎቶም እንዲሁ። ስክረብ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አንብቦ ቼክሰሙን ያመሳክራል፣ ያልገጠመውን ከሌላው ዲስክ ያርማል። ትሩናስ ፑሉ ሲፈጠር መርሐ ግብሩን ራሱ ያወጣል፤ በየ35 ቀኑ ገደማ ይሄዳል። እናንተ መብራት በማይቋረጥበት ሌሊት ማድረግ ብቻ ነው። 2 ቴራባይት የያዘ ሚረር በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢነበብ አራት ሰዓት አካባቢ ይወስዳል።

ውጤቱን የሚነግራችሁ ሰው እንዲኖር የኢሜይል ማሳወቂያውን አስገቡና የሙከራ መልእክት ላኩ። ማንም የማያየው ማስጠንቀቂያ ምንም አይጠቅምም።

7. ሳይደርስ መለማመድ

ይህን ደረጃ አብዛኛው ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የምር ፋይሎቻችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ጥቂት የሙከራ ፎቶዎች አስገቡና የሚከተለውን አድርጉ።

ስናፕሾት ከተያዘ በኋላ አንዱን ፎቶ ከዊንዶውስ ደምስሱ። ፎልደሩን በቀኝ ተጭናችሁ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ፕሪቪየስ ቨርዥንስ» ክፈቱ። ስናፕሾቶቹ በቀንና በሰዓት ተዘርዝረው ታያላችሁ። አንዱን ከፍታችሁ ፎቶውን ጎትታችሁ መልሱት።

ቀጥሎ ማሽኑን በወጉ አጥፉት፤ ከሁለቱ ዲስኮች የአንዱን የሳታ ኬብል ንቀሉና አስነሡት። ፑሉ «ዲግሬድድ» ብሎ ይጮኻል፣ ኢሜይልም ይመጣል። ፎቶዎቹን ክፈቱ፤ ሁሉም ይከፈታሉ። አንድ አዲስ ፎቶ ጨምሩ። እንደገና አጥፍታችሁ ኬብሉን መልሱ። ማሽኑ ሲነሣ የተመለሰው ዲስክ በሌለበት የተጻፈውን ብቻ ይሞላል፤ ይህ ሪሲልቨር ይባላል፣ ለጥቂት ፎቶ ደቂቃም አይፈጅም። «ኦንላይን» ሲል ጨርሳችኋል። ይህን አንድ ጊዜ በሰላሙ ጊዜ ያየ ሰው እውነተኛው ሲደርስ እጁ አይንቀጠቀጥም።

8. ሦስተኛው ዲስክ

ሚረር ባክአፕ አይደለም። ሌባ ማሽኑን ሲወስድ ሁለቱንም ዲስክ ነው የሚወስደው፤ መብረቅም አንዱን ለይቶ አይመታም። ስለዚህ አንድ ውጫዊ ዲስክ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ዩኤስቢ ችግር የለውም። ሰክታችሁ በእሱ ብቻ ሁለተኛ ፑል ፍጠሩ። «ሬፕሊኬሽን ታስክ» ላይ ምንጩን ፎቶና ሰነድ፣ መድረሻውን አዲሱን ፑል አድርጉ። የመጀመሪያው ጉዞ ረጅም ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሄደው ካለፈው ስናፕሾት ወዲህ የተለወጠው ብቻ ነው።

ሲጨርስ «ኤክስፖርት/ዲስኮኔክት» ብላችሁ አውጡት። እዚህ ላይ በእርጋታ አንብቡ፦ በሚወጣው መስኮት ላይ በፑሉ ያለውን ዳታ ላጥፋ ወይ የሚል ሳጥን አለ፤ ባዶ ይሁን። የተቀመጡ መርሐ ግብሮችን ላጥፋ የሚለውም እንዲሁ። ከዚያ ዲስኩን ወላጆች ቤት ወይም እህታችሁ ጋ አስቀምጡት፤ በወር አንድ ጊዜ አምጥታችሁ አድሱት። ሳምንታዊውን ስናፕሾት ስድስት ወር እንዲቆይ ያደረግነው ለዚህ ነው። ሁለቱ ፑሎች የጋራ ስናፕሾት ከሌላቸው ሥራው ከዜሮ ይጀምራል።

9. ዲስክ ሲሞት

ማስጠንቀቂያው ሲመጣ መጀመሪያ ማሽኑን አጥፍታችሁ ኬብሉን ፈትሹ፤ ብዙ «የሞተ» ዲስክ የላላ ኬብል ነው። ኬብሉን ቀይራችሁም ስህተቱ ከቀጠለ በስክሪኑ ላይ ያለውን ሴሪያል ከለጠፋችሁት ወረቀት ጋር አመሳክሩ፣ ያንን ብቻ አውጥታችሁ አዲሱን ግጠሙ። መጠኑ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። «ስቶሬጅ» ውስጥ «ማኔጅ ዲቫይስስ» ገብታችሁ የሞተውን መርጣችሁ «ሪፕሌስ» በሉ፣ አዲሱን ምረጡ። ሪሲልቨር የሚገለብጠው የተያዘውን ቦታ ብቻ ስለሆነ ግማሽ የሞላ ፑል በግማሽ ጊዜ ያልቃል። እስኪያልቅ ድረስ ፊልም አትገልብጡበት፤ ያለው አንድ ደህና ዲስክ ነው።

ማዘርቦርዱ ከሞተ ደግሞ ዲስኮቹ ደህና ናቸውና አትጨነቁ። ወደ ሌላ ዴስክቶፕ አዛውሯቸው፣ ትሩናስን ጫኑበትና «ኢምፖርት ፑል» በሉ፤ ስናፕሾቶቹን ጭምር ይዞ ይመጣል፣ ተጠቃሚዎቹን፣ ሼሮቹን፣ መርሐ ግብሮቹንና የኢሜይል ማሳወቂያውን ግን እንደገና ታስተካክላላችሁ።